የሁለት ሕሙማን ጉዳይና የማኅበራችን ሣጥን

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ «ስለ ኩላሊቱ ጉዳይ አንድ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ በመጽሔታችን ይውጣ» ተብሎ ሲወሰን፥ ለዚህ ሥራ የተመረጥነው ሦስት አባላት ስለ ሕክምና ከሌላው የበለጠ የምናውቅ ሆነን አይደለም። አንዳችን የምሕንድስና፥ አንዳችን የኢኮኖሚክስ፥ አንዳችን የእርሻ ተማሪ ነን። የተመረጥንበት ምክንያት ሌላ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በዚያች ማታ ድምፅ ሲሰጥ እጃችንን ቀድመን ያወጣነው እኛ ነበርን። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሒሳብ ሪፖርት አይደለም፤ እርሱ ቀደም ሲል ወጥቷል። በቀድሞ የተማሪ ማኅበራት አነጋገር ግለ ሂስ ሊባል ይችል ይሆናል፤ ስሙን አንባቢ ያውጣለት።

ነገሩ የሚጀምረው ከጓደኛችን ነው። ስሙን አንጠራም፤ እዚህ አንካራ ያለው አባል ሁሉ ያውቀዋል፥ የማያውቀውም ቢሆን ስሙ ለቁም ነገሩ አይጠቅመውም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ይህ ጓደኛችን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ጠዋት ጠዋት ፊቱ፥ ማታ ማታ ደግሞ እግሩ ያብጣል። «የመኝታ ቤቱ ማሞቂያ ነው» እያልን ቀለድንበት። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ስንወስደው የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ደሙ ሲመረመር ክሬያቲኒን የሚሉት ነገር ከልክ በላይ አልፏል፤ በአልትራሳውንድ ሲታዩ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ተኮማትረው አንሰዋል። ሐኪሟ «አገርህ ሳለህ ግፊትህን ተለክተህ ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችው። ለስኮላርሺፑ የጤና ምርመራ ሲያደርግ አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቷል። ያን ጊዜ ምን እንደ ተገኘ አልተነገረውም፤ ወረቀቱ ላይ ማኅተም ተመትቶ አለፈ። በዚህ ረገድ ከኛ መካከል ከእርሱ የተለየ ዕድል የገጠመው አልነበረም።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የኩላሊት እጥበት ጀመረ። ላላየው አንባቢ ለመግለጽ ያህል፥ እጥበት ማለት ደም በቱቦ ከክንድ ወጥቶ በማሽን ተጣርቶ ተመልሶ መግባቱ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፥ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል። ለዚህ ሲባል በክንዱ ላይ የደም ሥርና የደም ቅዳ ቧንቧ በቀዶ ጥገና ይገናኛሉ። ፊስቱላ ይሉታል። እጅ ሲጭኑበት እንደ ንብ ቀፎ ያንዘረዝራል። ጓደኛችን ሌሊት ሲነቃ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ክንዱን መዳሰስ ነበር፤ ንዝረቱ ካለ ተመልሶ ይተኛል። ውኃ በልክ ነው። ሙዝ፥ ቲማቲም፥ ድንች የተከለከሉ ወይም የተቆጠሩ ናቸው። እሑድ እሑድ ቡና ስናፈላ ለእርሱ ግማሽ ስኒ ይቀዳለታል፤ እርሱም እስኪቀዘቅዝ በእጁ ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ቡናውን ትተን ሻይ ጀመርን፤ ሻዩም ያው ውኃ መሆኑን ያሰብነው ግን ዘግይተን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ መነገር አለበት። ጓደኛችን የመንግሥት ስኮላርሺፕ ተማሪ ስለሆነ የአገሩ አጠቃላይ የጤና መድን ይሸፍነዋል። ለእጥበቱ አንድ ሊራ አልከፈለም። አልጋው ላይ የሚተኛው ከአንካራ ተወላጅ ጎን ነው፤ ማሽኑም ያው ማሽን ነው። በራሳቸው ወጪ የሚማሩ አባሎቻችን ግን ከመጀመሪያው ምዝገባ ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ለመድኑ ካላመለከቱ በኋላ መግባት እንደማይችሉ እየታወቀ፥ ስንቶቻችን ቀኑን አሳልፈነዋል? በዚህ አጋጣሚ አዲስ ገቢዎችን አደራ እንላለን። ወረቀቷን ነገ ሳትሉ ዛሬውኑ አስገቡ።

ማጠብ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ማቆያ ነው። ሐኪሞቹ ገና ከመጀመሪያው ስለ ንቅለ ተከላ አነሡለት። ቱርክ በዚህ ሥራ የቆየች አገር ነች። የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ እዚሁ አንካራ፥ በሐጀቴፔ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፥ በ1975 እ.ኤ.አ. በዶክተር መሕመት ሐበራል ተከናወነ፤ የአንዲት እናት ኩላሊት ለልጅዋ ተሰጠ። በ1979 ሕግ ወጣ። በ2001 የጤና ሚኒስቴሩ አገር አቀፍ የማስተባበሪያ ማእከል አቋቋመ። አገሪቱም ለዚህ ጉዳይ በዘጠኝ ክልሎች ተከፍላለች። ይሁን እንጂ ይህም ያለ ጉድለት አይደለም። ከሞተ ሰው የሚለገሰው ኩላሊት ጥቂት ነው፤ ከአራቱ ንቅለ ተከላዎች ሦስት የሚበልጡት ከሕያው ለጋሽ የሚገኙ ናቸው። ታላላቆቹ የንቅለ ተከላ ማእከሎች በኢስታንቡል፥ በአንካራ፥ በኢዝሚርና በአንታልያ የተከማቹ ሲሆኑ፥ የምሥራቁ ጠቅላይ ግዛት ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ምዕራብ ይመጣል። ስለዚህ ርቀት እዚህም ዋጋ ያስከፍላል። የሚያስከፍለው ግን ሌላ ዓይነት ዋጋ መሆኑን ያሳየን ቀጥሎ የምንተርከው ነው።

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ከንጋቱ በፊት የደቡብ ምሥራቅ ቱርክ መሬት ተናወጠ። መጠኑ 7.8 ነበር፤ በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ሌላ 7.5 ተከተለ። በቱርክ ብቻ ከሃምሳ ሺሕ በላይ ሰው አለቀ። ስለዚያ መከራ ሌላ ቦታ ጽፈናል፤ አባሎቻችን ብርድ ልብስ ለመሰብሰብና ለመጫን ሌሊት ያደሩበትንም አንደግመውም። እዚህ የምናነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት ጓደኛችን ለእጥበት ሲሄድ አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀው። ከካሕራማንማራሽ፥ ከሐታይ፥ ከአድያማን የመጡ ሕሙማን ነበሩ። የዚያ አካባቢ የእጥበት ክፍሎች ፈርሰው ወይም ውኃና መብራት አጥተው ስለነበር፥ ሕሙማኑ ወደ ሌሎች ከተሞች ተበትነዋል። ማሽን ጥቂት ቀን ከተቋረጠበት ሰው ቤቱ ባይደረመስበትም ይሞታልና።

ከጓደኛችን ጎን የተኙት ከማራሽ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም «አምጃ» እንላቸው ጀመር፤ አጎት ማለት ነው። ቤታቸው ፈርሷል። ሲመጡ የለበሱት የሌላ ሰው ካፖርት ነበር። «በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ ስሜን ከወረቀት ላይ ጠራና መኪና ላይ አስቀመጠኝ። ሌሊቱን ተጓዝን። ጠዋት እዚህ መርፌ ገባልኝ» ብለው ነገሩን። ከማራሽ አንካራ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሬት በተናወጠበት፥ መንገድ በተሰነጠቀበት፥ በረዶ በሚጥልበት ሰሞን አንድ ደሃ ሽማግሌ ስሙ ከወረቀት ላይ ተጠርቶ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ማሽን ተገኘለት። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ደብዳቤው የደረሰን በዚያው ሳምንት ነው።

ከጎሬ ወዲያ ካለች ትንሽ ከተማ፥ በእጅ ተጽፎ፥ በፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ነው የመጣው። የተላከው ለአንዲት አባላችን ሲሆን ጸሐፊው የመምህርዋ ልጅ ነው። መምህሩ ለእርስዋ ብቻ አይደለም፥ ለዚያች ከተማ ሁለት ትውልድ ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ደብዳቤው ረጅም አልነበረም። አባቱ መጀመሪያ ታይፎይድ ነው ተብለው መታከማቸውን፥ ቀጥሎም ጨጓራ መባላቸውን፥ በኋላ ሪፈር እየተጻፈላቸው ከከተማ ወደ ከተማ አልፈው አዲስ አበባ ሲደርሱ ኩላሊታቸው ሥራ ማቆሙ መታወቁን ይዘረዝራል። በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ ይገባቸው ነበር። በሁለት ጊዜ ጀመሩ። በሬዎቹ ተሸጡ፤ ከዚያ የቡናው መሬት። ልጁ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ኩላሊቱን ለአባቱ ለመስጠት ተዘጋጅቷል፤ ደማቸውም አንድ ዓይነት መሆኑ ታውቋል። የሚቀሩት ምርመራዎች ብቻ ናቸው። ደብዳቤው የሚለው በአጭሩ ይህ ነበር። «ወደ ውጭ አገር ላኩን አንልም። ምርመራው እስኪያልቅ አዲስ አበባ የምንቆይበት የአራት ወር የቤት ኪራይና የእጥበት ገንዘብ ብታበድሩን እንከፍላለን።» የመጨረሻው ቃል እኛን ዛሬም ያንገበግበናል። እንከፍላለን ነው ያለው።

ወደ ስብሰባው ከመሄዳችን በፊት የአገራችንን ሁኔታ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን ራሳችን ያን ጊዜ አናውቀውም ነበርና።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በመስከረም 2008 ዓ.ም. (በ2015 እ.ኤ.አ.)፥ አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፥ ከአሜሪካው የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ሊናቅ የማይገባው ታላቅ ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄድ ነበር፥ አቅም የሌለው ይሞት ነበር። ሆኖም ጎረቤቶቻችን መቼ እንደ ጀመሩ እናስታውስ። ዮርዳኖስ በ1972፥ ሱዳን በ1974፥ ግብፅ በ1976፥ ሳውዲ አረቢያ በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ካርቱም ከአዲስ አበባ አርባ አንድ ዓመት ቀድማ ነበር። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ያ አንድ ማእከል ለብዙ ዓመታት ብቸኛው ሆኖ ቆየ። ለጋሹም ሕያው የሆነ የሕመምተኛው ዘመድ እንዲሆን ተደንግጎ ነበር።

አንባቢ «ማእከሉ ካለ፥ ለጋሹ ካለ፥ ምን ቀረ?» ይል ይሆናል። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር። የቀረው አዲስ አበባ መቀመጥ ነው። ቀዶ ጥገናው ራሱ ጥቂት ሰዓት ነው፤ ከፊቱና ከኋላው ግን ወራትና ዓመታት አሉ። ከፊቱ፥ ለጋሹና ተቀባዩ ሁለቱም ከራስ እስከ እግር ይመረመራሉ፤ የሕብረ ሕዋስ መጣጣም፥ የልብ፥ የሳንባ፥ የጉበት፥ የተላላፊ በሽታ ምርመራ አለ። አንዱ ውጤት ሲመጣ ሌላው ጊዜው ያልፍበታል። እስከዚያ ድረስ ሕመምተኛው መታጠብ አለበት፤ በሽታው ቀጠሮ አይጠብቅም። ከኋላው ደግሞ ሰውነት የባዕዱን ኩላሊት እንዳይጥለው የሚከላከሉ መድኃኒቶች፥ ታክሮሊመስና ሌሎችም፥ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ዕድሜ ልክ ይዋጣሉ። የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ እየተለካ መስተካከል አለበት፤ ካነሰ ኩላሊቱ ይጣላል፥ ከበዛ ኩላሊቱን ራሱ ይመርዘዋል። ይህን የሚለካ ላቦራቶሪ በትንሽ ከተማ የለም። እንግዲህ ከጎሬ ወዲያ የሚኖር ሰው ንቅለ ተከላ ቢደረግለት እንኳ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በምን መተማመኛ ነው?

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ ድምፅ ማጉያ የተጫነባቸውን፥ የሕመምተኛ ፎቶግራፍ የተለጠፈባቸውን መኪናዎች ያውቃል። «ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ... ወገን እርዱት» ይላሉ። ገንዘብ ወርውረን አልፈናል፤ አንዳንዴም ጆሯችንን ደፍነን። ፎቶውን አተኩሮ የተመለከተ ሰው ግን ከግርጌው የተጻፈውን የትውልድ ቦታ ያነባል። አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ነው። ያ ሕመምተኛ በሽታውን ይዞ አገሩን ለቅቆ፥ ከሆስፒታሉ አጠገብ ጎጆ ተከራይቶ፥ በገዛ አገሩ ስደተኛ ሆኖ ነው ያንን ፎቶ የተነሣው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው በሽታው ያው በሽታ ሆኖ ሳለ ማታ ማታ በእናቱ ቤት ያድራል። እዚህ ላይ ሰው ሀብታምና ደሃ እያለ ብቻ ሊያስረዳ ይሞክራል፤ ግማሽ እውነት ነው። መምህሩ ደሃ አልነበሩም። በሬና የቡና መሬት የነበራቸው፥ ደመወዝ የሚበሉ ሰው ነበሩ። ያደኸያቸው መንገዱ ነው።

አሁን ወደ ስብሰባው እንመለስ።

በሣጥናችን ውስጥ ገንዘብ ነበር። ከአባላት መዋጮ፥ ከዘመን መለወጫ ዝግጅት፥ በየከተማው ካሉ ወገኖቻችን ከተሰበሰበው የተጠራቀመ ነው። የተሰበሰበው «ለታመመ አባል» ተብሎ ሳይሆን «ለችግር ጊዜ» ተብሎ ነው፤ የማኅበሩ ደንብ እንዲህ ይላል። ለጓደኛችን ንቅለ ተከላ ለጋሽ ከአገር ቤት መምጣት ነበረባት። እኅቱ ናት፤ ታላቁ። ለአየር ትኬት፥ ለቪዛ፥ ለወረቀት ትርጉምና ማረጋገጫ፥ ለምርመራና ለማረፊያ የሚያስፈልገው ሲደመር ሣጥኑን ሊያሟጥጥ ጥቂት ነው የቀረው። ለመምህሩ የተጠየቀው ደግሞ ከዚያ ከግማሽ በታች ነበር።

አባላችን ተነሥታ ደብዳቤውን አነበበች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። አንብባ ስትጨርስ ቁጭ አለች፤ አንድም ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ክርክሩ ተነሣ፤ ክርክር እንኳ ልንለው ይከብደናል። አንዱ «ሁለቱን እኩል እንርዳ ብንል ሁለቱንም እናጣለን» አለ። ሌላው «የማኅበሩ ግዴታ በመጀመሪያ ለአባሉ ነው» አለ። ከኛ ከሦስታችን አንዱ ደግሞ «ጓዳችን በዐይናችን ፊት ነው ያለው፤ የዚያኛውን በምን እናረጋግጣለን?» ብሎ ተናገረ። ይህ ቃል ነው ብዙውን ሰው የያዘው። ደብዳቤው ከሩቅ ስለመጣ ተጠረጠረ ማለት ነው! ከዚህ ከአንካራ ቢጻፍ ኖሮ ማንም ማረጋገጫ አይጠይቅም ነበር። ጓደኛችን በዚያ ማታ እጥበት ላይ ስለነበረ አልተገኘም፤ በኋላ ነገሩን ሲሰማ ሦስት ቀን አላናገረንም።

ድምፅ ተሰጠ። ሣጥኑ ለጓደኛችን፥ ለመምህሩ «ከተረፈ» ተባለ። እጃችንን ቀድመን አወጣን።

ይህን ያነበበ ሰው ውሳኔው ራሱ ስሕተት ነበር ብለን የጻፍን ሊመስለው ይችላል። እንዲህ አላልንም። ስለ እርሱ ዛሬም ሦስታችን አንስማማም፤ አንዳችን ዛሬም እንደዚያው እመርጣለሁ ይላል። የምንስማማበት ግን ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ነው።

ገንዘቡ ወዲያው የሚወጣ መስሎን ነበር። አልወጣም። የውጭ አገር ዜጋ ኩላሊት ሲሰጥና ሲቀበል ሁለቱ ዘመዳሞች መሆናቸው በሕጋዊ ወረቀት መረጋገጥ አለበት፤ ሕጉ ይህን የሚጠይቀው በጎ ምክንያት ስላለው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የአካል ንግድን የሚያወግዘው ዓለም አቀፍ መግለጫ የወጣው እዚሁ ኢስታንቡል ነው። ኩላሊት የሚሸጠው ሁልጊዜ ከደሃው ወደ ባለ ገንዘቡ እንጂ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲሄድ ታይቶ አያውቅም፤ ከአፍሪካ ቀንድ የወጡ ስደተኞችም በዚህ ገበያ ወድቀዋል። በእነዚያ ሳምንታት እኛም ስሙን ያልነገረን አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «ዘመድ ፍለጋ ምን አደከማችሁ?» ብሎናል። ስልኩን ዘጋን። ስለዚህ ወረቀቱን በመጠየቃቸው አናማርርም።

ወረቀቱ ግን ከየት ይምጣ? በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ጓደኛችንም እኅቱም ከዚያ በፊት በገጠር የተወለዱ ናቸው፤ የልደታቸው ምስክር እናታቸውና አዋላጅዋ ናቸው። ከቀበሌ ማስረጃ ተጻፈ። ያ ማስረጃ ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከዞን ወደ አዲስ አበባ እየተረጋገጠ ሄደ። ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። የአባታቸው ስም በላቲን ፊደል በእርሱ ፓስፖርት ላይ በአንድ ዓይነት፥ በእርስዋ ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፏል። በግዕዝ ፊደል አንድ የሆነ ስም በዚያኛው ሁለት ሰው ሆነ። «የቤተሰብ ስማቸው ስለምን ይለያያል?» ተባልን። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር በኛ ዘንድ እንደሌለ፥ ሰው በአባቱ ስም እንደሚጠራ፥ እናትና ልጅ እንኳ በስም እንደማይገናኙ ለማስረዳት አንድ መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ተመላለስን። አራተኛው ጊዜ ላይ ጸሐፊዋ ሳቀችና «እንግዲያው እናንተ አገር ሁሉም ሰው ለብቻው ነው» አለች። ለመሳቅ ያን ቀን ጉልበት አልነበረንም።

ይህ ሁሉ አሥር ሳምንት ወሰደ። አሥር ሳምንት ሙሉ ገንዘቡ በሣጥኑ ውስጥ ተቀመጠ።

ይህን ነው የምንጽፈው። አሥር ሳምንት ሙሉ አንዲት ሊራ አልተነካችም፤ መምህሩ ደግሞ በእነዚያው ሳምንታት ከሁለት እጥበት ወደ አንድ ወረዱ። ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ «እስከዚያው ድረስ ለመምህሩ እንላክ፥ የእኅቱ ትኬት ሲደርስ አዋጥተን እንተካለን» አላለም። መተካት ይቻል ነበር፤ በኋላ ለሌላ ጉዳይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንን ያህል አዋጥተናልና። ክፋት አልነበረብንም። ረስተናቸው ነበር፤ አባላችን ግን አልረሳችም፤ በየሳምንቱ ከራስዋ ኪስ ትልክ እንደ ነበር ያወቅነው በኋላ ነው። ስለምን እንዳልነገረችን ስንጠይቃት «ነግሬአችሁ ነበር እኮ፤ አንብቤላችሁ ነበር» አለች።

መምህሩ ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አረፉ። አዲስ አበባ አልነበሩም። የኪራዩ ገንዘብ ሲያልቅ «ቤቴ ልግባ» ብለው ተመልሰው ነበር። ከአዲስ አበባ ቤታቸው ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያልፋል።

የጓደኛችን እኅት በግንቦት ደረሰች። አየር ጣቢያ የተቀበልናት በጓዝዋ ነው የለየናት፤ ሽሮው ከነማሰሮው የመጣ ይመስል ነበር። አማርኛ ብቻ ነው የምታውቀው። ነርሶቹን ሁሉ «እናቴ» እያለች ስትጠራቸው በሁለት ቀን ውስጥ እነርሱም ቃሉን ለምደው ይመልሱላት ጀመር። በኮሚቴ ፊት ቀርባ «በገዛ ፈቃድሽ ነው ወይ? ገንዘብ ተሰጥቶሻል ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ፥ አስተርጓሚ ሆኖ የገባው አባላችን እንደነገረን፥ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ እንዲደግምላት አድርጋ «እርሱን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁ እኔ ነኝ፤ አሁን ስንት ሊከፍለኝ ነው?» አለች። ኮሚቴው ፈረመ።

ቀዶ ጥገናው በሰኔ ተደረገ። ሁለቱም በደኅና ወጡ። አዲሱ ኩላሊት ገና ከመጀመሪያው ሰዓት ሽንት ማጣራት ጀመረ፤ ነርሷ በከረጢት የተሞላውን አንሥታ በመስኮት ስታሳየን ስምንት ሰዎች ሆነን አጨበጨብን። ሰው በሽንት እንዲህ ይደሰታል ብለን አናስብም ነበር። አምጃ ሰምተው በሌላ ሰው ስልክ «ገችሚሽ ኦልሱን» አሉት፤ ያለፈ ይሁንልህ ማለት ነው። እርሳቸው ወደ ልጃቸው ወደ መርሲን ሄደዋል፤ ያን ጊዜ ተራ ጠባቂ ነበሩ። ለጋሽ ሊሆኑዋቸው ይችሉ የነበሩት ሁለት ወንድ ልጆች በዚያ ሌሊት ከቤቱ ጋር ቀርተዋል።

ጓደኛችን ድኖ ክፍል ተመልሷል። መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ በሰዓቱ ይውጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ይጮኻል፥ በክፍል ውስጥም ቢሆን። ትምህርቱን ሲጨርስ አገሩ ልግባ ወይስ ልቅር የሚለውን ማሰብ ጀምሯል። የትውልድ ቦታው ደብረ ታቦር አካባቢ ነው። የሚወጣለትን ሥራ ሳይሆን የመድኃኒቱን መጠን የሚለካለትን ላቦራቶሪ ነው በካርታ ላይ የሚፈልገው። አዲስ አበባ ካልሆነ አይሆንለትም። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ፥ እናቱን ወደ እርሱ እንዲያመጣ ነው ሐሳቡ። እንግዲህ የዳነውም ሰው ወደ አገሩ አይመለስም ማለት ነው።

የመምህሩን ልጅ በስልክ ያነጋገርነው በሐምሌ ወር ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር የደወልነው፤ እንዴት እንደምንጀምር ለረጅም ጊዜ ተመካክረናል። እርሱ ግን እስክንጨርስ አልጠበቀንም። «ልጠይቃችሁ የነበረ ነገር አለ» አለን። አባቱ ይታጠቡበት በነበረው ክፍል አጠገባቸው ትተኛ የነበረች አንዲት ልጅ አለች፤ ከባሌ የመጣች ናት፥ ዘመድ የላትም ወይም የሚስማማ ዘመድ አልተገኘላትም። ደሟ ከእርሱ ደም ጋር አንድ ዓይነት ነው። «እኔ ለአባቴ ብዬ ሰውነቴን አዘጋጅቼ ነበር። ለእርስዋ ልስጣት አይቻልም ወይ?» አለ።

የሚቻል እንዳልሆነ፥ ደንቡ ዘመድ መሆን አለበት እንደሚል፥ ደንቡም የወጣው ሰው ኩላሊቱን እንዳይሸጥ ተብሎ እንደሆነ ነገርነው። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እኔ እኮ ልሽጥ አላልኩም» አለ።

የሣጥኑ ጉዳይ አሁንም እንዳለ ነው። ለእኅቱ መመለሻ ከተከፈለ በኋላ ጥቂት ገንዘብ ቀርቷል፤ ከዚያም ወዲህ መዋጮ ገብቷል። አባላችን ገንዘቡ ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ለሚመጡ የኩላሊት ሕሙማንና ለጋሾች የቤት ኪራይ እንዲውል የሚል ሐሳብ አቅርባለች፤ በመጀመሪያ ተጠቃሚነትም ያችን የባሌ ልጅ ጠቅሳለች። ሌሎች ደግሞ ለአባላት መጠባበቂያ ሳይቀር እንዴት ይሆናል ይላሉ። ስብሰባው በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት በተለመደው ሻይ ቤት ነው። የልጅቷ የሕክምና ወረቀት በግልባጭ ደርሶናል፤ ማየት የሚፈልግ አባል ቀደም ብሎ ይምጣ።